ከጋሪ የተፈታን ፈረስ በግቢ ማኖር፦ ለአዳማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ባጃጅ የአዳማን መንገዶች ከያዘ ወዲህ ጋሪ ከዋና ዋና ጎዳናዎች እየወጣ ወደ ዳር ሰፈሮችና ወደ ገጠር መዳረሻ መንገዶች ተገፍቷል። ያረጀ፣ ያነከሰ ወይም ጀርባው የተላጠ የጋሪ ፈረስ ገዢ ያጣል፤ በሀገራችን ልማድ የፈረስ ሥጋ ስለማይበላም ለዕርድ የሚፈልገው የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ገመዱ ተፈትቶ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ በአስፋልት አካፋይ ላይ ቆሞ፣ ከቆሻሻ ክምር የልጣጭ ሽታ ያለበትን ፌስታል እየለቀመ፣ መኪና ወይም ጅብ እስኪደርስበት ይቆያል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለውን ፈረስ ተቀብሎ ቀሪ ዕድሜውን በግቢው ሊያኖረው ለሚያስብ ሰው፣ እንዲሁም ጋሪውን ትቶ ፈረሱን ግን መጣል ለከበደው ባለጋሪ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ፈረሱን ከሥራ ማሳረፍ የእንክብካቤው መጀመሪያ ብቻ ነው። ለዓመታት በመጎተት የተጎዳው እግር፣ በፉርሽካ የኖረው ሆድ፣ በጅራፍ የሠለጠነው ጠባይ ዕረፍቱንም ቢሆን ቀስ በቀስ ካልለመደ በደግነት የተሰጠው ነገር ራሱ ሊገድለው ይችላል። ከዚህ በታች በየደረጃው የሚቀርቡት ምክሮች ሁሉ ያለ ችኮላ ከተፈጸሙ ነው የሚጠቅሙት።

አንደኛ፦ አቅምን መመዘን

በደህና የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። በ12 ዓመቱ ከጋሪ የተፈታ ፈረስ እንግዲህ ሌላ 10 ዓመት አብሮዎት ሊቆይ ይችላልና ውሳኔው የአንድ ሰሞን ርኅራኄ መሆን የለበትም። 230 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ግራም ያህል ድርቆሽ ይፈልጋል፤ ይህ በዓመት ከ18 ኩንታል በላይ ነው። ድርቆሹን ከአጨዳው በኋላ በኅዳርና በታኅሣሥ ገበያው ሲሞላ ገዝቶ የሚያከማች ሰውና ሣር በጠፋበት በግንቦት በየጊዜው የሚሸምት ሰው የሚያወጡት ገንዘብ በእጅጉ ስለሚለያይ፣ ዝናብ የማያስገባ ማከማቻ የሌለው ሰው ፈረሱን ከመቀበሉ በፊት ማከማቻውን ያሰናዳ።

ቀጥሎ ቦታውን ያስቡ። ፈረስ ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ እንስሳ ስለሆነ ከጋጣው ሌላ የሚመላለስበት ሜዳ ይፈልጋል። ግቢው ጠባብ የሆነና በአቅራቢያው ማሰማሪያ የሌለው ሰው ፈረሱን ራሱ ከሚያኖረው ይልቅ በከተማው ዳር መሬት ካለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ጋር ተስማምቶ ቀለቡን ቢችል ለፈረሱ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። በከተማ ክልል ትልልቅ እንስሳትን ስለማኖር ከወረዳው ወይም ከቀበሌው አስተዳደር አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከጎረቤትም ጋር ስለ ፋንድያውና ስለ ዝንቡ አስቀድሞ መነጋገር የኋላ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ፋንድያው በየቀኑ ከተዛቀና ከጋጣው ራቅ ብሎ ተሸፍኖ ከበሰበሰ ለአትክልት የሚሆን ጥሩ ፍግ ስለሚወጣው ጎረቤት ራሱ የሚጠይቅዎት ጊዜ ይመጣል።

ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ብቻውን ሲቀር ይጨነቃል። ሁለተኛ ፈረስ መያዝ ለብዙ ሰው ከባድ ቢሆንም አህያ ወይም በግ እንኳ አብሮት ቢውል ብቸኝነቱ ይቀልለታል።

ሁለተኛ፦ ከባለቤቱ ጋር መነጋገርና ፈረሱን መመርመር

ለአሮጌ ፈረስ ከፍ ያለ ገንዘብ መክፈል ተገቢ አይመስለኝም፤ ገንዘቡ ሌላ ፈረስ ተገዝቶ በዚያው አያያዝ እንዲቀጥል ሊያደርግ ይችላልና። ይሁን እንጂ ባለጋሪውን እንደ ጥፋተኛ ማየት አይገባም። ፈረሱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፦ ምን ሲበላ እንደኖረ፣ በየትኛው ጎኑ ሲነኩት እንደሚደነግጥ፣ ይራገጥ ወይም ይናከስ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ታሞ እንደነበር ቁጭ ብለው ይጠይቁት። ርክክቡ በሁለት ምስክሮች ፊት የፈረሱ መልክ፣ ጾታና ልዩ ምልክት ተጠቅሶ በጽሑፍ ቢደረግ ይመረጣል። ባለቤቱ ያልታወቀን መንገድ ላይ የተጣለ ፈረስ ግን ለቀበሌና ለፖሊስ ሳያሳውቁ ወደ ግቢ አያስገቡ።

ከዚያ ፈረሱን ደረጃ በደረጃ ይመልከቱ፤ የሚቻል ከሆነም የእንስሳት ሐኪም አብሮ ይሁን።

ዕድሜውን ከጥርሱ ይገምቱ። ፈረስ በ5 ዓመቱ የፊት ጥርሶቹን በሙሉ ቀይሮ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ከላይ በኩል ባለው የዳር የፊት ጥርስ ላይ የሚታየውን ጠቆር ያለ ቦይ ይፈልጉ፤ ይህ ቦይ በ10 ዓመት ገደማ ከድዱ ሥር ብቅ ይላል፣ በ15 ዓመት ገደማ የጥርሱን ግማሽ ይደርሳል፣ በ20 ዓመት ገደማ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ይህ ግምት ቢሆንም ከሻጭ ቃል ይልቅ ይታመናል።

እግሮቹን፣ ደረቱንና አንገቱን በመዳፍዎ እየዳሰሱ ይፈትሹ። ከቆዳው ሥር እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው የሚወርዱ እብጠቶች፣ በተለይም ፈንድተው ወፍራም መግል የሚያወጡ ከሆነ፣ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ በሀገራችን የጋሪ ፈረሶችን አብዝቶ የሚያጠቃ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ሞቃትና እርጥበት አዘል አካባቢ ይበረታል፤ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዳማም በዚህ ክልል ውስጥ ናት። በሽታው በቁስል፣ በዝንብና ከፈረስ ወደ ፈረስ በሚዘዋወር የጋሪ ዕቃ ይተላለፋል። ገና ሲጀምር የተያዘ በአዮዲን ጨዎች ሊታከም ይችላል፤ ገላውን ካለበሰ በኋላ ግን ሕክምናው ረጅም ነው፣ ውጤቱም አስተማማኝ አይደለም። ሌላ ፈረስ ወይም በቅሎ በግቢው ያለው ሰው ሐኪም ሳያይለት እንዲህ ያለ ፈረስ ማስገባት የለበትም።

በመጨረሻም ክብደቱን ያስሉ። በልብስ ሰፊ ሜትር ደረቱን ከፊት እግሮቹ ኋላ ዙሪያውን ይለኩ፤ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለውን ርዝመት ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙት፣ የተገኘውን በርዝመቱ ያባዙት፣ ለ11,880 ያካፍሉት። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 230 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ይህን ቁጥር በደብተር ይጻፉ፤ መኖውም መድኃኒቱም የሚታሰበው በእሱ ነው።

ሦስተኛ፦ ጋጣውን ማሰናዳት

ለአንድ የጋሪ ፈረስ ቢያንስ 3 በ3 ሜትር የሆነ፣ ፈረሱ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ የሚቆምበት ከፍታ ያለው ጋጣ ይበቃዋል። የአዳማ ነፋስ አቧራ ስለሚያነሳ ዝግ ግድግዳው ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይሁን፤ ሌላው ጎን ግን ክፍት ይሁን እንጂ ዙሪያውን በቆርቆሮ አይድፈኑት፤ ቆርቆሮ የተደፈነበት ጋጣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት እንደ ምጣድ ይግላል። በጣሪያው ቆርቆሮ ሥር የአገዳ ወይም የሣር ንጣፍ ቢገባበት ሙቀቱ በጣም ይቀንሳል። ከጋጣው ውጪ የኒም ወይም የግራር ጥላ ካለ ቀኑን እዚያ መዋሉ ይመረጣል።

ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ በላዩ ወፍራም ጭድ ይነጥፉ። ምስማር፣ የቆርቆሮ ጫፍ፣ ሽቦና ፌስታል ከግቢው በሙሉ ይለቀሙ። እንዲሁም ጉሎ፣ የወፍ ቆሎና ዕፀ ፋርስ በአጥሩ ጥግ ካሉ ከነሥራቸው ይነቀሉ፤ ሦስቱም ለፈረስ መርዝ ናቸው፣ የጉሎ ፍሬ ደግሞ በጥቂቱም ይገድላል።

አራተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ፈረሱን በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በእግር እየመሩ ያምጡት። ከመጡ በኋላ ከውኃና ከድርቆሽ በቀር ምንም አያቅርቡለት፤ ልጆችና ጎረቤት እንዲጎበኙትም አይፍቀዱ። ሌላ ፈረስ ወይም አህያ ካለ በሽታ አለመኖሩ እስኪረጋገጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ለየብቻ ይሁኑ፤ ባልዲና ብሩሽም አይጋሩ። ከባለጋሪው የመጣውን አሮጌ የጋሪ ዕቃ ያቃጥሉት።

አጥንቱ የወጣ፣ ለረጅም ጊዜ የተራበ ፈረስ ከሆነ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከጥጋብ ነው። በረሃብ የከሳ አካል በድንገት ብዙ እህል ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ሚዛን ይናጋና ልብና ሳንባ ሊደክሙ ይችላሉ፤ ፈረሱም በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ገብስ፣ በቆሎ፣ ሞላሰስና ፉርሽካ ፈጽሞ አይስጡት። የሚሻለው የደረቀ አልፋልፋ (ለእንስሳት መኖ የሚዘራ ቅጠላማ ተክል) ሲሆን፣ 230 ኪሎ ግራም ሊመዝን ለሚገባው ፈረስ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሩብ ኪሎ ግራም ያህሉን በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይስጡት። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ የአንዱን ጊዜ መጠን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ጊዜውን ያራርቁ፤ ከ10 ቀን በኋላ ድርቆሽ እንደልቡ ሊቀርብለት ይችላል። ሌሊት ተነስቶ አንድ ጭብጥ አልፋልፋ መስጠት አድካሚ ነው፤ ነገር ግን የተራበን ፈረስ የሚያተርፈው ይህ ነው። የሆድ ትል መድኃኒትም ፈረሱ እስኪያገግም ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ፤ መጠኑንና ዓይነቱን ሐኪም ይወስን እንጂ ለከብት የተገዛን መርፌ በግምት አይውጉት።

አምስተኛ፦ የዘወትር መኖ

አብዛኛው የጋሪ ፈረስ የኖረው በፉርሽካ ነው። ባለጋሪ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞት ይዞራል፣ ፈረሱም ተሳፋሪ እስኪመጣ አፉን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ይበላል። ፉርሽካ ኃይል ቢሰጥም በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ለዓመታት እሱን ብቻ የበላ ፈረስ አካሉ ካልሲየም ፍለጋ የራሱን አጥንት ይቦረቡራል። የፊቱ አጥንት በሁለቱም ጎን ያበጠ፣ ያለ ግልጽ ቁስል የሚያነክስ ፈረስ ሲያዩ ይህን ይጠርጥሩ። መፍትሔው ፉርሽካውን ቀንሶ ዋናውን መኖ ሣር ማድረግ ነው፤ በካልሲየም የበለጸገው አልፋልፋ በየቀኑ ጥቂት ቢገባበት ደግሞ ሚዛኑ ይመለሳል።

መሠረቱ እንግዲህ ድርቆሽ ይሁን፦ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ለ230 ኪሎ ግራም ፈረስ 5 ኪሎ ግራም ያህል፣ ሦስት አራት ጊዜ ተከፍሎ ይቅረብ። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ስለሆነ አንድ ጊዜ ጠግቦ ቀኑን ሙሉ መዋል አልተፈጠረበትም። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን አያበቃም፤ የበቆሎ አገዳና ከወንጂ አካባቢ የሚመጣው የሸንኮራ አገዳ ጫፍ ሣር በሚጠፋበት ወቅት ተከትክቶ መደጎሚያ ሊሆን ይችላል። ድርቆሹን ሲገዙ እጅዎን ወደ እስሩ ውስጥ አስገብተው አንድ ጭብጥ ከመካከል ያውጡና ያሽትቱት፤ ሽታው እንደ ደረቀ ሣር ጣፋጭ ካልሆነና ሲያራግፉት ነጭ ብናኝ ከወጣው ሻግቷልና አይግዙት። ቅንጭ አረም የተቀላቀለበትም አይግዙ። የሻገተ በቆሎ የፈረስን አእምሮ የሚያበላሽ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል «ለእንስሳ ምን አለበት» ብሎ መስጠት ከባድ ጥፋት ነው።

ስለ ዶሮ መኖ ልዩ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። በአዳማና በቢሾፍቱ መካከል የዶሮ እርባታ ስለበዛ የዶሮ መኖ በቀላሉ ይገኛል፤ ፈረስን ለማወፈር የሚገዛ ሰውም አይጠፋም። ነገር ግን በአንዳንድ የዶሮ መኖ ውስጥ ሞነንሲን የተባለ መድኃኒት ይጨመራል፤ ይህ ለዶሮ የሚጠቅም መድኃኒት የፈረስን የልብ ጡንቻ ይገድላል። ጥቂቱ ይበቃል፣ ማርከሻም የለውም። ዶሮ የሚያረባ ሰው መኖውን ፈረሱ በማይደርስበት ክፍል ይቆልፍበት። አተላና የእንጀራ ትርፍራፊም እርሾ ያለባቸው ስለሆኑ በፈረስ ሆድ ውስጥ ችግር ይፈጥራሉ።

ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ድርቆሹን አኝኮ አኝኮ እንደ ትንሽ ኳስ ጠቅልሎ ይተፋዋል። ግርግሙ ሥር እንዲህ ያሉ እርጥብ የሣር ጥቅሎች ካገኙ ፈረሱ መዋጥ አልቻለም፤ ያለ ጥርጥር እየተራበ ነው። ለእንዲህ ያለው ድርቆሹን በደቃቁ ከትክተው በውኃ ያለስልሱለት፤ ጥቂት ፉርሽካና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርበት ይስማማዋል። ከዚያ በፊት ግን ሐኪም አፉን ከፍቶ ይይለት፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ጉንጩን የሚወጋ የሾለ መንጋጋ ጥርስ ነው፤ በሞረድ ሲስተካከል ፈረሱ እንደገና መብላት ይጀምራል። ይህ ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው።

ለጨው አሞሌ ከገበያ ገዝተው በግርግሙ አጠገብ ያስቀምጡለት፤ የሚፈልገውን ያህል ይልሳል።

ውኃ በሙቀት ጊዜ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠጣልና ገንዳው ቀንም ሌሊትም አይጉደል። በስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛና ፍሎራይድ ጥርስንና አጥንትን ስለሚጎዳ፣ የቧንቧ ውኃ እያለ የጉድጓዱን አይምረጡ።

ስድስተኛ፦ ቁስልና ሰኮና

የጋሪ ፈረስ ቁስል የሚገኝባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ ደረቱ ላይ መሳቢያው ያረፈበት፣ ጀርባው ላይ ክብደቱ የተጫነበት፣ ከጭራው ሥር ገመዱ የቆረጠው፣ የአፉ ማዕዘን ላይ ልጓሙ የሰነጠቀው። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ፣ አሟሙተው በየቀኑ ቁስሉን ይጠቡ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የጋለ ብረት የሚመክርዎ ሰው አይጠፋም፤ ሦስቱም ሕያውን ሥጋ ገድለው ቁስሉን ያሰፋሉ። በእግር ላይ ያለ ቁስል ከቆዳው በላይ እያበጠ ቀይ ትርፍ ሥጋ ካወጣ በሐኪም መቆረጥ ሊኖርበት ይችላል። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ የሚያዝ እንስሳ ስለሆነ ጥልቅ ቁስል ወይም ምስማር የወጋው ሰኮና ሲያዩ ስለ መከላከያው ሐኪሙን በዚያው ቀን ይጠይቁ።

የብረት ጫማ ካለው ከእንግዲህ አያስፈልገውም፤ ምስማሮቹ ታጥፈው የወጡበት ጫፍ ተቆርጦ አንድ በአንድ መነቀል ስላለበት ግን ሥራውን ለሚያውቅ ይተዉለት። ከዚያ በኋላ ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መከርከም አለበት። አስፋልት ሲፈገፍገው የኖረ ሰኮና ግቢ ውስጥ ሲውል ሳይታሰብ ይረዝማል፤ የረዘመ ሰኮና ደግሞ ጅማቱን ይወጥራል። በየቀኑ እግሩን አንስተው በመሐል ያለውን ቦይ ከጭቃና ከፋንድያ ያጽዱ፤ ጥቁርና የሚሸት ፈሳሽ ካለ መበስበስ ጀምሯል፣ መድኃኒቱም ደረቅ ወለል ነው።

ፈረሱ ሜዳ ላይ ሲሰማራ አንድ እግሩን በገመድ መቸንከር በከተማችን የተለመደ ቢሆንም ቁርጭምጭሚቱን ይቆርጣልና አልመክረውም። አጥር ይሻላል፤ አጥር ከሌለ ሰው አብሮት ይቁም።

ሰባተኛ፦ ጠባዩን ማወቅ

ጋሪ የጎተተ ፈረስ ብዙ ነገር ተምሮ ነው የሚመጣው። የራስ ማሰሪያ ይዘው ሲጠጉት ሳይጠየቅ አፉን ለልጓም የሚከፍት አለ። ከአጥር ውጪ ጥሩምባ ሲሰማ ሣሩን ትቶ ቀጥ ብሎ የሚቆም አለ። ሰው ራሱን ለማከክ እንኳ እጁን ከፍ ሲያደርግ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወርውሮ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያስተኛ ብዙ ነው፤ ይህ ፍርሃት እንጂ ክፋት አይደለምና መምታት ቀርቶ ድምፅ ማሰማት አይገባም። እጅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ይቁሙ፣ ጆሮው እስኪመለስ ይጠብቁ።

የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው በቀጥታ ከኋላውና ከግንባሩ ሥር ያለውን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከትከሻው በኩል ድምፅዎን እያሰሙ ይቅረቡት፣ በመጀመሪያም ትከሻውን እንጂ ፊቱን አይንኩ። የዓይን መሸፈኛ ለብሶ የኖረ ፈረስ መሸፈኛው ሲወልቅለት በጎኑ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ አዲስ ይሆንበታልና ይህን በጸጥተኛ ግቢ፣ በገመድ እንደተያዘ፣ ለአጭር ጊዜ ያስለምዱት። ልጆች ከፈረሱ ኋላ እንዳያልፉና ሲበላ እንዳይነኩት አስቀድመው ይነገሩ። ድንጉላ ከሆነ ባዝራ ሲሸተው የሚይዘው ስለማያገኝ ስለ ማኮላሸት ሐኪም ያማክሩ፤ ያረጀና የደከመ ከሆነ ግን አካሉ እስኪጠና ይቆይ።

ስም ያውጡለት፣ በዚያው ስምም ሁልጊዜ መኖ ሲያቀርቡ ይጥሩት። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እየተባሉ በፈረስ ስማቸው በተጠሩበት ሀገር፣ የከተማውን ሕዝብ ተሸክሞ የኖረ ፈረስ ያለ ስም መሞቱ ያሳዝነኛል። ከስሜቱም ሌላ ጥቅም አለው፤ ስሙን ከመኖ ጋር ያያያዘ ፈረስ በሩ ተከፍቶ ቢወጣ እንኳ ሲጠሩት ይመለሳል።

ሥራ ያቆመ ፈረስ እንቅስቃሴ ማቆም የለበትም። በየቀኑ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል በገመድ እየመሩ ያራምዱት፤ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ፣ ሆዱም እንዲሠራ ይረዳል። ያገገመ ፈረስ እህል እየበላ ቆሞ ከዋለ ደግሞ ሰኮናው ከውስጥ ይቃጠላል፤ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲቆም ካዩ ሐኪም ይጥሩ።

ስምንተኛ፦ በሽታን ቀድሞ ማወቅ

ፈረሱ ጤነኛ እያለ መለኪያዎቹን ይወቁ። በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ይህን ከመንጋጋው አጥንት ሥር ባለው የደም ሥር በጣት ዳስሰው መቁጠር ይቻላል። በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ለሐኪም ስልክ ሲደውሉ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች መናገር ከቻሉ ሐኪሙ ከመድረሱ በፊት የሚረዳው ነገር ብዙ ነው።

የሆድ ቁርጠት በጣም የሚፈራው ነው። ፈረሱ ወደ ጎኑ እየዞረ ሆዱን ያያል፣ መሬቱን ይጭራል፣ ይተኛና ይነሳል፣ ይንከባለላል፣ ፋንድያ አይጥልም። መንገድ ላይ የኖረ ፈረስ ፌስታል ውጦ ሊሆን ስለሚችል ይህ ከወራት በኋላም ሊከሰት ይችላል። መኖውን ያንሱ፣ ሐኪም ይጥሩ፣ እስኪመጣ ድረስ ፈረሱ እንዳይንከባለል ቀስ ብለው ያራምዱት። ዘይት ወይም አረቄ በጠርሙስ ጉሮሮው ውስጥ ማንቆርቆር ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ስለሚችል ማንም ቢመክርዎ እሺ አይበሉ።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክረምቱ ሲያበቃ በሚበዙ ጥቃቅን ነካሾች የሚተላለፍ ነው። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ያብጣል፣ በአፍንጫው አረፋ ይወጣል፣ ሞቱም ፈጣን ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ስለሚመረት ክረምት ከመግባቱ በፊት ስለ ወቅቱ የአካባቢዎን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ፤ ነካሾቹ ከአመሻሽ እስከ ንጋት ስለሚወጡም በነዚያ ወራት ፈረሱ ሌሊቱን ጋጣ ውስጥ ይደር። የእብድ ውሻ በሽታም ፈረስን ይይዛል፤ ውሻ ወይም ጅብ የነከሰውን ፈረስ በእጅ ከመነካካት በፊት ሐኪም ያማክሩ።

በአዳማ ካሉት የእንስሳት ክሊኒኮች አቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ። ፈረስ የሚጭን የጭነት መኪና ባለቤት ስልክ አስቀድመው ይያዙ፤ በጭንቅ ሰዓት መኪና መፈለግ ብዙ ሰዓት ይወስዳል።

ዘጠነኛ፦ ማኖር ሲያቅትና ዕድሜው ሲያልቅ

ሰው ይታመማል፣ ሥራ ይለውጣል፣ ቤት ይቀይራል። እርስዎ ባይችሉ ፈረሱን የሚረከበው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ከዚያ ሰው ጋር ይነጋገሩና በደብተርዎ ላይ ይጻፉ፤ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የተጣለ እንስሳ ሁለተኛ እንዳይጣል ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም። ለጋሪ ሥራ መልሶ ለሚያውለው ሰው አሳልፎ መስጠትም ያው መጣል ነው።

ያረጀ ፈረስ ተኝቶ ራሱ መነሳት ሲያቅተው፣ ጥርሱ አልቆ በለሰለሰ መኖም እየከሳ ሲሄድ፣ ወይም ሕመሙ በመድኃኒት የማይታገሥ ሲሆን ከሐኪሙ ጋር ስለ መጨረሻው መነጋገር ያስፈልጋል። ሐኪም በመርፌ የሚያደርገው ጣር የለውም፤ ጅብ በሌሊት የሚያደርገው ግን አለው። ውሳኔውን አስቀድመው ካሰቡበት ጉድጓዱም በጊዜው ይቆፈራል፦ ከጉድጓድ ውኃና ከወንዝ የራቀ፣ ቢያንስ 2 ሜትር የሚጠልቅ ይሁን። ለማስተኛት የሚሰጠው መድኃኒት በሥጋው ውስጥ ስለሚቆይ ሬሳውን የሚበላ ውሻም ሆነ ጅብ ወይም አሞራ ሊመረዝ ይችላልና፣ ሜዳ ላይ መጣል ወይም ከላይ ከላይ አፈር መበተን አይገባም። ጉድጓዱን የሚያስቆፍሩበትን ቦታ ከቀበሌው አስቀድመው ይጠይቁ፤ አፈሩ በደንብ ከተጠቀጠቀ በኋላም ጅብ እንዳይቆፍረው ከላዩ ትልልቅ ድንጋይ ይደርደርበት።